አዲስ ዊንዶውስ ሲወጣ ቶሎ ልጫን ወይስ ልቆይ? ለጅማ የሥራ ኮምፒውተሮች የተዘጋጀ መመሪያ

የዊንዶውስ ዓመታዊ አዲስ ቨርዥን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በእኛ አቆጣጠር መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ዊንዶውስ 11 ራሱ የወጣው መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። 24ኤች2 የተባለው ቨርዥን መስከረም 21 ቀን 2017፣ 25ኤች2 ደግሞ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ወጡ። ጅማ ላይ ይህ ጊዜ ቡናው የሚቀላበት፣ ነጋዴው ለግብር ሒሳቡን የሚያጠናቅቅበት፣ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያሉ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ፋታ የሚያጡበት ወቅት ነው። ኮምፒውተር አንድ ቀን ቢቆም ክፉኛ የሚጎዳውም በዚሁ ሰሞን ነው።

ስለዚህ አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር፦ እንጀራ የሚበላበት ኮምፒውተር ላይ አዲስ ቨርዥን ጥምቀት ሳያልፍ አይጫን። ወርኃዊው የደህንነት እድሳት ግን አንድ ሳምንት እንኳ አይደር። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ነው።

1. የመጣው እድሳት የትኛው እንደሆነ ይለዩ

«ሴቲንግስ» ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» ሲከፍቱ ከሚከተሉት አንዱን ያያሉ።

ወርኃዊ የደህንነት እድሳት የሚለቀቀው በፈረንጆቹ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ሰዓት ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። የተገኙ ቀዳዳዎችን ይደፍናል እንጂ ኮምፒውተሩን አይለውጥም። ከ3 ወይም ከ4 ቀን በኋላ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይጫኑት።

ዓመታዊው ቨርዥን በስሙ ይታወቃል፤ የዓመቱ ቁጥርና «ኤች2» የሚል ምልክት አለው። ለብቻው ተለይቶ «ዳውንሎድ ኤንድ ኢንስቶል» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይመጣል። ያንን ካልነኩት አይጫንም፤ መቆየት ማለት አለመንካት ብቻ ነው። የቆየ ሰው የሚያጣው ደህንነትም የለም፤ ለሆምና ለፕሮ (ለቤትና ለአነስተኛ ሥራ ለሚሸጡት የዊንዶውስ ዓይነቶች) እያንዳንዱ ቨርዥን ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ24 ወር የደህንነት እድሳት ይሰጠዋል። አራት ወር ቢታገሡ 20 ወር ይተርፍዎታል። የድጋፉ ማብቂያ ሲቃረብ ግን ዊንዶውስ ራሱ ይጭነዋል፤ ስለዚህ ለዘላለም መሸሽ አይቻልም።

ሁሉም ዓመታዊ ቨርዥን እኩል አይከብድም። 24ኤች2 ሙሉውን ሲስተም የሚቀይር ነበር። 25ኤች2 ግን ከ24ኤች2 ጋር አንድ መሠረት ስላለው፣ 24ኤች2 ላይ ለነበረ ኮምፒውተር የተኛውን የሚያነቃ ትንሽ ፋይል ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ቀደም ብሎ መውሰድ ብዙም አያሰጋም።

«ኢንሳይደር» የሚባለው የሙከራ ቨርዥን ለሥራ ኮምፒውተር ፈጽሞ አይሆንም። «ዴቭ» ወይም «ካናሪ» ከተባለው መስመር ለመውጣት ኮምፒውተሩን ከባዶ መጫን ያስፈልጋል።

ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 መሄድ ደግሞ አሁን «ቶሎ» የሚባል ነገር አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚ የተዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት እድሳትም ቢሆን ተመዝግቦ መግባትን ይጠይቃል፤ የሚዘልቀውም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ማሽኑ የሚችል ከሆነ ይሻገሩ፤ የሚችል መሆኑን ግን በቅድሚያ ይመርምሩ።

2. መጣደፍ ለማን ይሆናል?

ሁለተኛ ኮምፒውተር ላለው፣ ሶፍትዌር ለሚሠራና ደንበኞቹ ከመድረሳቸው በፊት መሞከር ላለበት፣ ወይም አዲሱ ቨርዥን አንድ የተለየ ችግሩን እንደሚፈታለት በስም መናገር ለሚችል ሰው ይሆናል። «ያምራል» ወይም «ጓደኛዬ ጭኗል» ምክንያት አይሆንም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያቀርብ ተማሪ፣ ብቸኛ ኮምፒውተሩ ላይ የሱቁን ሒሳብ የያዘ ነጋዴ፣ ወረፋ ያለበት ኮፒ ቤት ይቆዩ።

ችኮላ ምን እንደሚያስከፍል ያሳየው የ2011 ዓ.ም. ነገር ነው። መስከረም 22 ቀን የተለቀቀው የዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1809 የአንዳንድ ሰዎችን ሰነዶች አጠፋ፤ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ስርጭቱን አቁሞ፣ አስተካክሎ እንደገና የለቀቀው ኅዳር 4 ቀን ነው። የተጠቁት «ዶክመንትስ» የተባለውን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ አዙረው በቀድሞው ቦታ ፋይል የቀረባቸው ሰዎች ነበሩ፤ እድሳቱ የድሮውን ፎልደር ባዶ ነው ብሎ ሰረዘው። ሲ ዲስክ እንዳይሞላ ብሎ «ዶክመንትስ»ን ወደ ዲ ማዞር እኛም ዘንድ የተለመደ ነው። ስድስት ሳምንት የቆየ ሰው ምንም አልደረሰበትም።

3. ማሽኑን ይመርምሩ

«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» ይክፈቱና የፕሮሰሰሩን ቁጥር ያንብቡ። ኢንቴል ከሆነ ከጭረቷ በኋላ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይነግራል፦ 6300 ስድስተኛ፣ 7200 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ በ10፣ በ11፣ በ12 ወይም በ13 የሚጀምር ከሆነ ትውልዱ ራሱ ያ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ 11 በመደበኛነት የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው የሻጩን ቃል ሳይሆን ይህን ቁጥር ይመን። ለምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ስድስተኛ ትውልድ ስለሆነ አያልፍም።

ሌሎቹ መለኪያዎች 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ ቲፒኤም 2.0 (የመቆለፊያ ቁልፎችን የሚይዝ የደህንነት ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክል) ናቸው። ወረቀት ላይ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃል ይባላል፤ በተግባር ግን ብራውዘርና ኤክሴል አብረው ሲከፈቱ ኮምፒውተሩ ይንፏቀቃል። 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ከሌለው አዲሱን ቨርዥን ከማሰብዎ በፊት እነዚህን ያስገቡ። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ መተካት ከየትኛውም አዲስ ዊንዶውስ ይበልጥ ያፈጥናል።

ቲፒኤም መኖሩን ለማየት «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ»፣ «ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ»፣ «ሴኪዩሪቲ ፕሮሰሰር ዲቴይልስ» ይክፈቱ። ስምንተኛ ትውልድ ሆኖ ቲፒኤም ከሌለው ብዙ ጊዜ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ መቆጣጠሪያ) ውስጥ ስለተዘጋ ነው፤ በኢንቴል «ፒቲቲ»፣ በኤኤምዲ «ኤፍቲፒኤም» ይባላል። ወደ ባዮስ መግቢያው ለኤችፒ ኤፍ10፣ ለዴል ኤፍ2፣ ለሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ1 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ «ሌጋሲ» በተባለው የድሮ የማስነሻ ዘዴ፣ ኤምቢአር በሚባል የዲስክ አከፋፈል ተጭነው ይመጣሉ። ሴኪዩር ቡት የሚሠራው ግን «ዩኢኤፍአይ» በተባለው አዲሱ የማስነሻ ዘዴ ነው። ባዮስ ገብተው ዝም ብለው ወደ ዩኢኤፍአይ ቢቀይሩት ኮምፒውተሩ «ቡት ዲቫይስ የለም» ብሎ ይቆማል። አይደንግጡ፤ ፋይልዎ አልጠፋም፣ ወደ ሌጋሲ ሲመልሱት ይነሣል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በዊንዶውስ ውስጥ ባለው «ኤምቢአር2ጂፒቲ» በተባለ መሣሪያ መጀመሪያ ዲስኩን መፈተሽ፣ ቀጥሎ መለወጥ፣ ባዮሱን መቀየር መጨረሻ ነው። ባክአፕ (የፋይሎች ቅጂ) ሳይያዝ ግን አይጀመርም።

መስፈርቱን የማያሟላ ማሽን ላይ ሩፉስ በተባለ ፕሮግራም ፍተሻውን ዘሎ የሚጭን ባለሙያ አለ። ይሠራል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን የእድሳት ዋስትና አይሰጥም፣ ዓመታዊው ቨርዥንም በራሱ ጊዜ አይመጣም፤ በየዓመቱ በእጅ መደገም አለበት። እንደ ኮር 2 ዱኦ ያለ አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ ከ24ኤች2 ጀምሮ ጨርሶ አይነሣም፤ ሲስተሙ የሚፈልገው ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የለምና።

4. እንጀራ የሚሰጡዎትን ፕሮግራሞች ይዘርዝሩ

ወረቀት ይዘው በየሳምንቱ የሚጠቀሙባቸውን ብቻ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ከአምስት አይበልጡም። በእያንዳንዱ ላይ «አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል ወይ?» ብለው ተመሳሳይ የሚጠቀም ሰው ይጠይቁ፤ ሻጩን ብቻ አይጠይቁ።

ፒችትሪ ብዙ ነጋዴ የሚጠቀምበት፣ ከአዲሶቹ ዊንዶውሶች በፊት የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ዳታውን የሚይዝለት ከጀርባ የሚሠራ የተለየ የዳታቤዝ አገልግሎት ነው፤ ያ ካልተነሣ ፕሮግራሙም አይከፈትም። ስለዚህ በሌላ ማሽን ላይ ሳይሞከር የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር አይታደስ። ቆየት ያሉ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ዶት ኔት 3.5 የተባለ የማይክሮሶፍት ደጋፊ ፕሮግራም ይፈልጋሉ፤ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ተዘግቶ ስለሚመጣ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ውስጥ ገብተው ይክፈቱት። ከኢንተርኔት ያወርዳልና መስመር በማይቋረጥበት ሰዓት ይሁን።

የአማርኛ ጽሑፍ ለብቻው መታየት አለበት። ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደል አሠራር) ባልሆኑት የድሮ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። እድሳት ፎንትን አያጠፋም፤ ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን (ፎርማት) ግን ያጠፋል። ስለዚህ የፎንቶቹን ፋይሎች አስቀድመው በፍላሽ ይያዙ። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንትም ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ተጨማሪ ሆኗል፤ አዲስ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ካላገኙት «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ይጫኑ። እስከዚያው ጽሑፉ ኤብሪማ በተባለ ሌላ ፎንት ይታያል፤ የገጽ አቆራረጡም ሊዛባ ይችላል። ለኅትመት የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ ማውጫው የሚበላሸው አንዱ በዚህ ነው።

ለፕሪንተርና ለስካነር የአምራቹን ስምና ሞዴል ይዘው ለዊንዶውስ 11 የተሠራ ድራይቨር (መሣሪያውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) መኖሩን ይፈትሹ፤ ካለ አስቀድመው አውርደው ፍላሽ ላይ ያኑሩት።

አክቲቬሽንም (የዊንዶውሱ ፈቃድ ማረጋገጫ) አለ። «ሲስተም»፣ «አክቲቬሽን» ውስጥ «ዲጂታል ላይሰንስ» የሚል ካዩ እድሳቱ ነጻ ነው። በክራክ (ፈቃድን በሚያታልል ፕሮግራም) የተከፈተ ከሆነ ግን አዲሱ ቨርዥን ሊዘጋው፣ የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ የሆነው ዲፌንደርም ክራኩን እንደ ቫይረስ ሊያጠፋው ይችላል። የተሰነጠቀ ኦፊስ ወይም ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ያለው ሰው በማግሥቱ ያለ ፕሮግራም እንዳይቀር ይህን ከወዲሁ ያስብበት።

5. ባክአፕ፤ መያዝ ብቻ ሳይሆን መክፈት

ሁለት ቦታ ይያዙ፦ አንዱ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላው የተለየ ፍላሽ ወይም ኦንላይን ማከማቻ ላይ። የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦ ዴስክቶፕ ላይ የተከመረው ፋይል፣ «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባለው ፎልደር፣ ብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች፣ የአውትሉክ ፋይል። የፒችትሪን ዳታ ፕሮግራሙ ተከፍቶ እያለ ፎልደሩን ኮፒ አያድርጉ፤ ግማሹ የተጻፈ ዳታ ይወጣል። ራሱ ፕሮግራሙ «ፋይል» ውስጥ ባለው «ባክአፕ» ያውጡት።

ፍላሹ ራሱ አታላይ ሊሆን ይችላል። ገበያ ላይ 256 ወይም 512 ጊጋባይት ተብለው ከሚሸጡት ርካሽ ፍላሾች ውስጥ እውነተኛ መጠናቸው 16 ወይም 32 ብቻ የሆነ አሉ፤ ኮፒው ያለቀ ይመስላል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። ስለዚህ ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ቢያንስ አሥር ፋይሎችን፣ በተለይ መጨረሻ የተገለበጡትን፣ ይክፈቱ። ይህን ሳያደርጉ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ዲስኩ በ«ቢትሎከር» ወይም በ«ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ተቆልፎ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ያትሙ። ባዮስ ሲነካ ኮምፒውተሩ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉን የሚያወጣልዎ ባለሙያ ጅማም አዲስ አበባም አይገኝም።

6. መቆየትን በትክክል መቆየት

«ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ «ጌት ዘ ሌተስት አፕዴትስ አዝ ሱን አዝ ዜይር አቬይለብል» የሚለውን ማብሪያ ያጥፉ። እሱ ሲበራ ተራዎ ሳይደርስ ያስገባዎታል።

«ፖዝ አፕዴትስ»ን ግን እንደ መቆያ አይጠቀሙበት። እስከ 5 ሳምንት የሚያቆመው ዓመታዊውን ብቻ ሳይሆን የደህንነት እድሳቱንም ነው። ለፈተና ሳምንት ወይም ለሒሳብ መዝጊያ ቀናት ሲሆን ግን ጥሩ ነው።

ማይክሮሶፍት የታወቁ ችግሮችን የሚዘረዝርበት «ዊንዶውስ ሪሊዝ ኸልዝ» የተባለ ገጽ አለው። በሁለት ሳምንት አንዴ ይመልከቱት፤ የራስዎን የፕሪንተር፣ የድምፅ ወይም የኔትወርክ ካርድ ስም ይፈልጉ። ለሌላው የደረሰ ቨርዥን ለእርስዎ ካልመጣ ኩባንያው ሆን ብሎ ለዚያ ዓይነት ማሽን አግዶት ሊሆን ይችላል። ያንን እገዳ በፍላሽ ዘሎ መጫን ችግሩን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

7. የመጫኛው ቀን

ከጥምቀት በኋላ አርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ይምረጡ። ነጎድጓድ ያለበት ቀን ይቅር፤ ጅማ ላይ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ይህም ጥር አካባቢን ተመራጭ ያደርገዋል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው 100 ሞልቶ ቻርጀሩ ይሰካ፤ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አይታደስ። ስታብላይዘር የኃይል መዋዠቅን ይከላከላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም። በኤስኤስዲ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ በሃርድ ዲስክ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያስቡ። የባዮስ እድሳት ካለ በሌላ ቀን ይሁን፤ በእሱ መሃል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል።

መጫኛ ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ሦስት ኮምፒውተር ካለዎት በየማሽኑ ከማውረድ ይልቅ አይኤስኦ የተባለውን ፋይል በሌሊት ጥቅል አንዴ ያውርዱ። ፍላሹ «ፋት32» ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። «ኤክስፋት» አድርገው ፎርማት ያድርጉት። ሰው እጅ ላይ የቆየ መጫኛ ፍላሽ ግን አይበደሩ። የኦክቶበር ወይም የኖቬምበር 2024 እድሳት ተካቶባቸው የተዘጋጁ የ24ኤች2 መጫኛዎች ከተጫኑ በኋላ ተከታይ የደህንነት እድሳት የማይቀበሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ መፍትሔው በአዲስ መጫኛ እንደገና መጫን ነበር።

ከሲ ዲስክ ላይ 30 ጊጋባይት ነጻ ያድርጉ። የአይኤስኦውን ፋይል ዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ሁለቴ ተጭነው ይክፈቱና «ሴትአፕ»ን ያስነሡ፤ «ኪፕ ፐርሰናል ፋይልስ ኤንድ አፕስ» መመረጡን ያረጋግጡ። ይህ ምርጫ ደብዝዞ አልነካም ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቋንቋ አለመግጠም ነው፤ የአሜሪካ እንግሊዝኛ በተጫነበት ላይ ዓለም አቀፍ እንግሊዝኛ የተባለውን አውርደዋል ማለት ነው። ያቁሙና ትክክለኛውን ያውርዱ። ለባለሙያ የሚሰጡ ከሆነ «ይታደስልኝ፣ ፎርማት እንዳይደረግ» ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ ልማዱ ፎርማት ነው።

8. አሥሩ ቀናት

ከእድሳት በኋላ ለመመለስ ያለዎት ጊዜ 10 ቀን ነው። «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ»፣ «ጎ ባክ» የሚለው የድሮውን ዊንዶውስ ከነፕሮግራሞቹ ይመልሳል። መመለሻው ያለው «ዊንዶውስ ኦልድ» በተባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ቦታ ያዘ ብለው በ«ዲስክ ክሊንአፕ» ከሰረዙት መንገዱ ተዘጋ። ጊዜው ሳያልፍ ባለሙያ «ዲስም» በተባለው ትእዛዝ እስከ 60 ቀን ሊያራዝመው ይችላል፤ ለሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ይህን ያስደርጉ።

በመጀመሪያው ቀን ፕሪንተር፣ ስካነር፣ ዋይፋይ፣ የአማርኛ ኪቦርድና የድሮ ደብዳቤ ይሞክሩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሙሉ የሥራ ዑደት፦ ደረሰኝ ይቁረጡ፣ ሪፖርት ያውጡ፣ ያትሙ፣ ባክአፕ ይያዙ። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቢጎተትና ቢሞቅ ፋይል እየመዘገበ ስለሆነ ነው፤ በአራተኛው ቀንም ያው ከሆነ ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ ያድሱ። በሰባተኛው ቀን አንድ ዋና ሥራ አሁንም ካልተሳካ አሥረኛውን አይጠብቁ፣ ይመለሱ። ሲመለሱ ከእድሳቱ በኋላ የጫኗቸው ፕሮግራሞች ይጠፋሉ፤ በእነዚያ ቀናት የሠሩትን ፋይልም አስቀድመው በፍላሽ ይያዙ።

9. ማሽኑ የማይችል ከሆነ

ለብራውዘር፣ ለጽሑፍና ለቪዲዮ ብቻ የሚያገለግል አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ በነጻ የሚገኝ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ፣ ይሻላል። መጫኛውን ከፍላሽ አስነሥተው፣ ዲስኩን ሳይነኩ ዋይፋዩንና ድምፁን ይሞክሩ። ኡቡንቱም ቢሆን ችኮላን አይመክርም፦ 24.04 የተባለው የረጅም ጊዜ ቨርዥን በኤፕሪል 2024 ሲወጣ፣ የቀድሞው የረጅም ጊዜ ቨርዥን ላይ ላሉት እድሳቱ የተዘጋጀላቸው የመጀመሪያው እርማት 24.04.1 በኦገስት መጨረሻ ከወጣ በኋላ ነው።

ፒችትሪ ስላለበት ዊንዶውስ 10 ላይ መቅረት ያለበት ማሽን ካለ ከኢንተርኔት ይለዩት፤ ዋይፋዩን ያጥፉ፣ የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፣ ቴሌግራምና ብራውዘር አይከፈትበት። ባክአፑን የሚያወጣበት አንድ ፍላሽ ይመደብለት፤ ያ ፍላሽ ኮፒ ቤት አይሰካ። ቢሮ ሲመለስም መጀመሪያ የታደሰ ዲፌንደር ያለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተፈትሾ ይግባ።